የዳሌው አጥንትና ቢጫው ጀሪካን

ይህን ብዕር የያዘው የመምህር ሻምቤ እጅ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ የአባትህ የኢሪስባይ ነው። መምህሩን ታውቀዋለህ፤ እታች ከወንዙ አገር መጥቶ የእኛን ልጆች ፊደል የሚያስቆጥር፣ አፉ ለስላሳ ሰው ነው። እኔ «ድንጋይ» ስል እሱ «ጠጠር» ብሎ ይጽፋል ብዬ ስለጠረጠርኩ ገና ወረቀቱን ሳይዘረጋ በልጆቹ ራስ አስምዬዋለሁ። ስለዚህ ከዚህ ወረቀት ላይ የሚያባብል ቃል ካገኘህ የእሱ ነው፤ የሚቧጥጥ ካገኘህ የእኔ ነው።

ልጄ ሳፓርአሊ፣ እንደምን ነህ? ነፍስህ በቦታዋ ናት ወይ? ጉልበትህ፣ ወገብህ፣ ዓይንህ ደህና ናቸው ወይ? እኛ ሰው ስንጠይቅ ከነፍሱ በፊት ከብቱን እናስቀድማለን፤ አንተ ከብት ስለሌለህ የሰላምታዬ ግማሹ ሜዳ ላይ ቀረ። ሚስትህ ዲናራ እንዴት ናት? ትንሿ አይዳና ስንት ጥርስ አወጣች? ቤት በቤት ላይ በተደራረበበት በዚያ በቢሽኬክ ከተማ ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? ይህን ሁሉ ጠይቀው ያለችኝ እናትህ ናት። ለእኔ ቢተው ኖሮ ሰላምታውን ዘልዬ ወደ ነገሩ እገባ ነበር።

የእኛን ከጠየቅህ ከብቱ ደህና ነው። ጠጉራሞቹ የያክ ከብቶቻችን በሙቀቱ ወራት ሣር ጠግበው ጀርባቸው እንደ ትራስ ሞልቷል። ሁለት በግ ተኩላ ወሰደብን። አሮጊቷ ውሻ በዚህ ዕድሜዋ እንደገና ወለደች፤ እሷም አታፍርም። እኔም እንዳለሁ አለሁ፤ ሦስት ጥርስ ቀርቶኛል፣ ሦስቱም ይነክሳሉ። እናትህ ግን ደህና አይደለችም። ቆይ፣ አትዝለል፣ እደርስበታለሁ። የእሷን ነገር አስቀድሜ ብነግርህ አልቅሰህ ታልፈዋለህ፤ እኔ ደግሞ የምፈልገው እንድታለቅስ ሳይሆን እንዲገባህ ነው።

ነጋዴው ሃይደር ባለፈው ሳምንት ዱቄትና ሻይ ቅጠል ጭኖ ሲመጣ ድምፅህን በስልኩ ውስጥ ይዞት መጣ። ከእሳቱ አጠገብ አስቀምጦ አሰማን። «አባዬ፣ ለብርዱ ስንቅ ለሚሆነው ዋናው እርድ አሥራ ሁለት እንግዶች ይዤ እመጣለሁ፤ ሥጋ ብቻ የሚበሉ፣ ፕላስቲክ የማይነኩ ሰዎች ናቸው» አልክ። «ከባለፈው የተረፈ ፕላስቲክ ካለ አስወግዱ፤ የዱቄቱንም ጆንያ ከዓይን አርቁት፤ እናንተ ለዓለም ምሳሌ ናችሁ» አልክ። ሃይደር ሻዩ በአፍንጫው እስኪወጣ ሳቀ። «ኢሪስባይ፣ አንተ ለዓለም ምሳሌ ከሆንክ፣ በየዓመቱ ሙክት እየጎተተ ‹ዱቄት ስጠኝ› የሚለኝ ሽማግሌ ታዲያ ማን ነው?» አለኝ። ተሳቀብኝ። በሰባ ስድስት ዓመቴ፣ በገዛ ድንኳኔ፣ በገዛ ልጄ አፍ ተሳቀብኝ።

የሥጋን ነገር ለእኔ ልታስተምር! በግ በእኔ እጅ ሲያልፍ መሬት ላይ የሚቀረው ደሙ ብቻ ነው፤ እሱንም ውሻ ይልሰዋል። ቆዳው ካባ ይሆናል፣ ሱፉ የድንኳን ግድግዳ ይሆናል፣ አንጀቱ በሥጋና በሞራ ተሞልቶ ለብርዱ ወራት ይሰቀላል፣ ላቱ ለሳል ይቀልጣል፣ ፋንድያው እንኳ ይነዳል። ጨጓራውን እናትህ በአመድ አሽታ በጨው ታጥበውና ቅቤ ጠቅጥቃ ትሰፋዋለች፤ ቅቤው ግልገሎች እስኪወለዱ ድረስ ሳይሻግት ይቆያል። ይህን ሁሉ ስናደርግ ስም አላወጣንለትም። ያደረግነው ሌላ ዕቃ ስላልነበረን ነው። ድህነት ስም ወጥቶለት በከተማ ገበያ ሲሸጥ ያየሁት ባንተ ነው።

ሥጋ ብቻ ስለመብላትም ከእኔ ስማ። አንተ ሳትወለድ በረዶው የፈረስ ደረት የደረሰበት ዓመት ነበር። ነጋዴ አልወጣም፣ ዱቄት አለቀ፣ ከብቱ ነጠፈ። በረሃብ የሚወድቀውን በግ እየተከታተልን እያረድን ጠዋት ሥጋ፣ ማታ ሥጋ በላን። ሞራ የሌለው፣ አጥንት ላይ የደረቀ ሥጋ ነው፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ሰው አያቆምም። ታላቅ እህትህን ቡርማን፣ የሁለት ዓመቷን ልጅ፣ ሆዷ ሞልቶ ቀበርናት። እናትህ እስከ ዛሬ ቂጣ ስትጋግር የመጀመሪያውን ቁራሽ ሳትቀምሰው በእጇ ይዛ ትቆያለች። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቀሃት አታውቅም። እንግዳ ሰብስበህ «አባቴ ሥጋ ብቻ በልቶ ኖረ» እያልክ የምትተርከው ያን የበረዶ ዓመት ነው።

አሁን ወደ መጣህበት ወደ ሙቀቱ ወር ልመለስ። አምስት ሰው ይዘህ መጣህ። እንግዳ አልጠላም፤ ሙክት አረድኩ። እንግዶቹ ጫማቸውን ሳያወልቁ እናትህን ወደ ጥግ ወስደህ «እማ፣ እነሱ እስኪሄዱ ቂጣ አትጋግሪ» አልካት። በገዛ ምድጃዋ! የዱቄቱን ጆንያ እኔ ከምተኛበት ምንጣፍ ሥር ወሸቅከው፤ አምስት ሌሊት ዱቄት ላይ ተኝቼ ዱቄት አላየሁም። ያ መላጣው እንግዳ ባንተ አፍ «ዳቦ አያምርህም ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «ትኩስ ቂጣ በቅቤ የሚሰጠኝ ባገኝ አንተንም ፈረስህንም እለውጥበታለሁ በለው» አልኩህ። ምን ብለህ እንዳዞርከው አላውቅም፤ ሰውየው ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አጎነበሰልኝ፣ ሴቲቱም እንባዋን ጠረገች። ቂጣ ያማረው ሽማግሌ እንዲህ አያስለቅስም። ዋሽተሃል።

ከዚያ ሥጋው ቀረበ። ልጅ በአባቱ ፊት ሲያከፋፍል ማየት ደስ ይላል ብዬ ቢላዋውን ለአንተ ሰጠሁህ። እንግዳ የራሱ ድርሻ አለው፤ ጭንቅላቱ ይቀርብለታል። አንተ ግን «ጭንቅላቱን ሸፍኑት፣ ይደነግጣሉ» አልክ። ሥጋ እንጂ ሌላ አንበላም የሚሉ ሰዎች የበግ ዓይን ሲያያቸው ይደነግጣሉ! ይሁን፣ ሸፈንነው። የዳሌው አጥንት የማን እንደሆነ ደግሞ እዚህ የሚድህ ሕፃን ያውቃል፤ የቤቱ ታላቅ ነው የሚበላው። ታላቁን በዳሌ አጥንት የዘለለ ልጅ አባቱን ከነሕይወቱ ቀብሮታል ይባላል። አንተ የዳሌውን አጥንት አንስተህ ለመላጣው ሰጠኸው። ለእኔ ጉበት ቆርጠህ «አባዬ፣ ለዕድሜህ የሚስማማው ይሄ ነው፤ ኃይል ይሰጣል» አልከኝ። ጉበት! ጎረቤታችን ወጌሻው ቦሎት አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፤ እንዳያሳፍረኝ ዓይኑን ወደ እሳቱ መለሰ። የእሱ ዓይን መመለስ ካንተ ጉበት ይልቅ አቃጠለኝ። እንግዳ ፊት ስለሆነ በላሁት። እስከ ዛሬ ግን ጉሮሮዬ ላይ ነው።

በማግስቱ ደግሞ «የጽዳት ቀን» አላችሁ። ከድንኳኑ አናት ላይ ዝናብ የሚከለክልልንን ላስቲክ አወረዳችሁ። የእናትህን ሰማያዊ ሳፋ ወሰዳችሁ። ከሁሉ ከሁሉ ሁለቱን ቢጫ ጀሪካኖች ወሰዳችሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት በጀርባዋ በገመድ አስራ የተሸከመቻቸውን፣ እጀታቸው በመዳፏ ልክ ያለቀውን። በእኔው ያክ ጭናችሁ ወረዳችሁ። የት እንደጣላችኋቸው አላህ ይወቅ። ፕላስቲክ አይበሰብስም እያልክ የምትሰብክ አንተ ነህ፤ እንግዲያው ያልበሰበሰ ነገር የሆነ ቦታ አለ፤ የሌላ ሰው ደጅ ላይ ነው ያለው።

በምትኩ ከከተማ ያመጣኸውን የእንጨት ባልዲ ሰጠሃት። ያምራል፣ አልዋሽም። ዙሪያውን ጌጥ ተቀርጾበታል፤ የሙሽራ ሣጥን ይመስላል። «የቅድመ አያቶቻችን ዕቃ» ብለህ ከነባልዲዋ ፎቶ አነሳሃት፣ እሷም ፎቶ ነው ብላ ሻሿን አስተካከለች። ቅድመ አያትህን አንተ አታውቃትም፤ እኔ አውቃታለሁ። እንዲህ ያለውን ባልዲ ስትሸከም ኖራ በመጨረሻ ቀና ማለት ተስኗት መሬት መሬት እያየች ሞተች። የመጀመሪያውን ጀሪካን ከነጋዴ የገዛሁ ቀን እናትህ ክዳኑን ከፍታ ዘጋችው፣ ከፍታ ዘጋችው፣ እንደ ልጅ ሳቀች። ያኔ አንተ አጠገቧ ነበርክ። ረስተኸዋል።

ባልዲው ክዳን የለውም፣ ሳፓርአሊ። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ከምንጩ እስከ ድንኳናችን ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤ በየእርምጃው ጠብ ይላል። በሙቀቱ ወራት ጠብታውን መሬት ይጠጣዋል። ብርዱ ሲገባ መሬት መጠጣቱን ይተዋል። ጠብታ በጠብታ ላይ እየተኛ፣ እናትህ በገዛ እጇ፣ ቀን በቀን፣ የምትወድቅበትን በረዶ ስትሠራ ከረመች። አመድ ትነሰንስበታለች፤ ነፋሱ ይወስደዋል። ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው፣ ጠዋት ያኮቹን ካለበች በኋላ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ስትመለስ እግሯ ከዳት። ድምፁን ከድንኳኑ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ይመስላል። የተሰበረው ባልዲው መስሎኝ «እሰይ!» ብዬ ነበር። ስወጣ ባልዲው ምንም አልሆነም። ጠንካራ ዕቃ ነው የሰጠኸን። የተሰበረው የእናትህ ዳሌ ነው።

የዳሌውን አጥንት ከአባትህ ነጥቀህ ለባዕድ ሰጠህ፤ ዋጋው ይኸው ከእናትህ ገላ ወጣ።

እዚህ ላይ መምህሩ ብዕሩን አቆመ። «አባባ፣ ይሄስ አይከብድም?» አለኝ። «ይክበድ! ወጣት ነው፣ ይሸከመዋል» አልኩት። ቀጥሎ ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፦ «እርስዎስ በረዶውን አላዩትም ነበር?» ለስላሳ አፍ ያልኩት ይህንን ሰው ነው! ጻፍ መምህር፤ አይቼዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ስወጣ ዞሬው ነበር የማልፈው። ውሃ የሴት ሥራ ነው ብዬ መጥረቢያ አላነሳሁበትም። ይህ የእኔ ድርሻ ነው፤ ድርሻዬን አንተ ትከሻ ላይ አላራግፍም። ያንተን ግን አንተው አንሳ። አሁን ውሃ የምቀዳው እኔ ነኝ። የቦሎት ሚስት «እኔ ላምጣልህ» ብትለኝ እምቢ አልኳት። በዚያ በጌጠኛ ባልዲህ ቁልቁል እወርዳለሁ፣ ሽቅብ እወጣለሁ፤ ውሾቹ እንኳ ቆመው ያዩኛል። እዚህ አገር ወንድ ውሃ ሲቀዳ አይተው አያውቁማ።

ቦሎት ዳሌዋን በትኩስ የበግ ቆዳ ጠቅልሎ አስሮላታል። እጁ የተመሰከረለት ነው፤ ዳስሶ ሲጨርስ ግን ወደ ውጭ ጠራኝ። «ይሄ የእኔ እጅ የሚችለው ስብራት አይደለም። እብጠቱ በርዶ አጥንቱ ትንሽ እስኪይዝ አንድ ወር ትተኛ። ከዚያ በረዶው መንገዱን ሳይዘጋ እታች ሐኪም ቤት ካልደረሰች ዳግመኛ አትቆምም» አለኝ። አምስት ቀን መንገድ ነው። ያክ ላይ አትቀመጥም፣ ፈረስ ላይ አትቀመጥም፤ የምትወርደው በቃሬዛ ነው። ቃሬዛ ደግሞ አራት ጫፍ አለው። የሰፈሩ ወንድ ከብት ይዞ ወደ ብርዱ ወራት ግጦሽ ተበትኗል። አንዱን ጫፍ ቦሎት ይይዛል፣ ሁለተኛውን ልጁ ይይዛል፣ ሦስተኛውን ይህን ብዕር የያዘው መምህር እይዛለሁ ብሏል። አራተኛው ባዶ ነው።

ድምፅህ በስልክ ሲመጣ እናትህ እዚያው ምድጃው ጎን ተኝታ ነበር። «ለዓለም ምሳሌ ናችሁ» ስትል ሰምታሃለች። እኔ ሃይደርን በጥፊ ልል ስነሳ እሷ ምን አለች መሰለህ? «ድምፁ ወፍሯል፤ ደህና ይበላል ማለት ነው» አለች። እንደገና አሰማኝ ብላ ሦስት ጊዜ አስደገመችው። እኔን አንድ ጊዜ በቅቶኛል።

እኔ አልለምንህም። ለምኜ የማውቀው አላህን ብቻ ነው። ይህ ትእዛዝ ነው። ሃይደር ነገ ይወርዳል፤ በአምስተኛው ቀን ስልክ የሚይዝበት ቦታ ሲደርስ ይህን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ይልክልሃል። ካነበብከው ቀን ጀምሮ አሥራ ስድስት ቀን አለህ። ብቻህን ና። አሥራ ሁለቱን ሰዎችህን እዚያው ተዋቸው፤ ሥጋ ሲበሉ እንጂ ሰው ሲሸከሙ አላየኋቸውም። ይዘሃቸው ከመጣህ ውሾቹን እፈታቸዋለሁ፤ የእኔ ውሾች የእንግዳና የሌባ ልዩነት አያውቁም። ፎቶ ማንሻህንም ተወው። ይልቅ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዘህ ና። ውሃ ሞልተህ፣ ዘቅዝቀህ፣ አራግፈህ ክዳናቸውን ፈትን፤ አንድ ጠብታ ከወጣው ለሻጩ መልስለት።

ካልመጣህ አራተኛውን ጫፍ እኔ እይዘዋለሁ። ጉልበቴ እስከ ሦስተኛው ቀን ያደርሰኛል ብዬ እገምታለሁ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ብቀር አትዘንልኝ፤ ከእኔም ምንም አይባክንም፣ ተኩላው ጠርጎ ይበላኛል። እሱም ሥጋ ብቻ ነው የሚበላው፣ ፕላስቲክም በእጁ አይነካም። ለእንግዶችህ ምሳሌ ከፈለግህ እሱን ውሰድና አሳያቸው።

ከመጣህ ደግሞ የመጣህ ዕለት ሙክት አርዳለሁ። ነጩን፣ ግንባሩ ላይ ጥቁር ያለበትን። ቢላዋውን እንደገና ለአንተ እሰጥሃለሁ፤ ጭንቅላቱን ሳትሸፍን ታከፋፍላለህ። የዳሌውን አጥንት ግን ለእኔ እንዳታቀርብልኝ። ለእናትህ ስጣት። እኔ በጉበቱ እችላለሁ፤ ለምጄዋለሁ።

አሁን ሰላምታው ይድረስ። እናትህ ኡሩምካን ከተኛችበት ሆና ሁሉን ሰምታለች። «አንተ ሽማግሌ፣ ስለ ስብራቴ አትጻፍበት፣ ይደነግጣል» ስትል «ይደንግጥ!» ብያታለሁ። ግንባርህን ስማሃለች። ዲናራ አይዳናን ቂጣ በወተት እያራሰች ታብላት፣ ሥጋውም ይደረስበታል፣ ጥርስ ይቅደም ብላለች፤ ይህን ሳታስቀር ንገራት። ለዲናራ የሠራችላት የሱፍ ካልሲ አልቋል፤ የቀረው አንድ ተረከዝ ነው፣ ተኝታ እየሠራችው ነው። የዲናራን እናት እኔ ሰላም ብያታለሁ፤ በሠርጋችሁ ጊዜ ሴትዮዋ ከሁላችሁም ይልቅ ልብ እንዳላት አይቻለሁ። አይዳናን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳምልኝ። ቦሎትና ሚስቱ ሰላም ብለውሃል፤ ቦሎት ስለ ጉበቱ ለማንም አልተናገረም፣ እኔ ነኝ ዛሬ ያወጣሁት። መምህር ሻምቤም ሰላም ይልሃል፤ እሱ ከኋላዬ ሌላ ሰላምታ ከጨመረ አላየሁትም። አንተን ራስህን ሰላም የምልህ የቃሬዛውን አራተኛ ጫፍ ስትይዝ ነው።

ትንሹ ፓሚር፣ ከቻቅማቅ ሐይቅ በላይ፤ ሐይቁ የበረዶ ቆዳ በለበሰ በሦስተኛው ቀን። መምህሩ በወረቀት አቆጣጠር አቅራብ የሚባለው ወር አራተኛ ቀን ነው ይላል፤ ይጻፈው።

በል መምህር፣ አሁን ከመጀመሪያው አንብብልኝ። አንድ ቃል እንዳትውጥ። የዳሌውን አጥንት ለእናትህ ስጣት ያልኩት ጋ ስትደርስ ጮክ በል፤ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች፣ ከዚያ ሆና ላይሰማት ይችላል።